መኪናችን ለምን ገደል ውስጥ ይነዳል?
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የዚህ ወር ጥያቄዎች ሁሉም ከሰሜን ሸዋ የመጡ ናቸው፤ ደግሞ ሁሉም በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ነው የሚሽከረከሩት። ለየብቻ የተሠሩ ሲሙሌተሮች (እውነተኛውን ነገር በኮምፒውተር የሚያስመስሉ ፕሮግራሞች) እንዴት አብረው ይሥሩ? እንቀጥል።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን የምንማር የሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ተመራቂዎች ነን። የመመረቂያ ፕሮጀክታችን ከደብረ ብርሃን ተነስቶ በጣርማ በር አድርጎ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ የኮንቮይ ማሠልጠኛ ሲሙሌሽን ነው። አንዱ ቡድን መኪኖቹን በጃቫ ሠራ፣ አንዱ ጉሙንና ዝናቡን በሲ ፕላስ ፕላስ፣ አንዱ ደግሞ ከላይ የሚቃኝ ሄሊኮፕተር በፓይተን። ለየብቻቸው ምንም አይላቸውም። ስናገናኛቸው ግን ጉድ ነው። በሄሊኮፕተሩ ስክሪን ላይ መኪኖቹ ከአስፋልቱ ወጥተው ገደል ውስጥ ይነዳሉ፣ ቆመውም ይንቀጠቀጣሉ። ጉሙ የሚመጣው ሄሊኮፕተሩ ካለፈ በኋላ ነው። የወታደር ሲሙሌተሮች ኤች ኤል ኤ በሚባል የማገናኛ ስታንዳርድ እንደሚገናኙ አንብበናል። አማካሪያችን ግን «ለሦስት ፕሮግራም ጄሰን በሶኬት ይበቃችኋል» አሉን፤ ዳታውን እንደ ጽሑፍ አዘጋጅቶ በኔትወርክ በቀጥታ መላላክ ማለታቸው ነው። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ አማካሪያችሁ ስለ ሶኬቱ ልክ ናቸው። ሶኬቱ ሥራውን ሠርቷል፤ ቁጥሩ ከጃቫው ወደ ፓይተኑ ሳይጎድል ደርሷል። ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ ግን የተስማማችሁበት ወረቀት የላችሁም። እኔ እንደማየው የእናንተ ጣጣ ሁሉ ከዚህ ነው የሚመዘዘው።

ገደሉን እናስቀድም። ልገምት፦ የመኪናው ቡድን መንገዱን የቀዳው ከቆየው የ1:50,000 ካርታ ነው፣ የሄሊኮፕተሩ ቡድን ደግሞ ከሳተላይት ምስል ወይም ከጂፒኤስ። የቆዩት የወረቀት ካርታዎቻችን የተሠሩት አዲንዳን በሚባል ዳተም (የቦታ መለኪያ መነሻ) ነው። ጂፒኤስ ደግሞ የሚናገረው በሌላ ዳተም፣ በደብሊው ጂ ኤስ 84 ነው። ሁለቱን ሳትቀይሩ ካደባለቃችኋቸው ያው አንድ ነጥብ 200 ሜትር ገደማ ይዛነፋል። ደብረ ብርሃን ዙሪያ ሜዳው ላይ ቢሆን መኪናው ገብስ ማሳ ውስጥ ይገባና ማንም ልብ አይለውም ነበር። ጣርማ በር ላይ 200 ሜትር ወደ ጎን ማለት ግን ወደ ታች ማለት ነው።

ወታደሮቹ ይህን እንዴት ፈቱት? ሲሙሌተሮቻቸውን በሚያገናኙበት በዲ አይ ኤስ (አሁን እመጣበታለሁ) የማንኛውም ነገር ቦታ የሚነገረው ከመሬት መሃል ተለክቶ ነው፤ በሜትር፣ በደብሊው ጂ ኤስ 84፣ በ64 ቢት ቁጥር። የቢቱ ነገር ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ከመሬት መሃል ሲለካ ቁጥሩ ሚሊዮኖች ውስጥ ይገባል፤ በ32 ቢት ፍሎት (የነጥብ ቁጥር) ካስቀመጣችሁት እዚያ ላይ መለየት የሚችለው እስከ ግማሽ ሜትር ባለ እርምጃ ብቻ ነው። መኪናችሁ ቆሞ የሚንቀጠቀጠውም ከዚህ ሊሆን ስለሚችል ኮዳችሁን እዩት። ከፍታውንም ከባሕር ወለል ነው ወይስ ዳተሙ መሬትን ከሚወክልበት ሞላላ ቅርጽ፣ ከኤሊፕሶይዱ፣ የምትለኩት? ተነጋግራችሁ ወስኑ።

አሁን ወደ ታሪኩ፣ በአጭሩ። በ1980ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ዳርፓ የሚባለው የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ተቋም ሲምኔት የሚል ፕሮጀክት ጀመረ። አንድ በጣም ውድ ሲሙሌተር ከመሥራት፣ ብዙ ርካሽ የታንክ ሲሙሌተሮችን በኔትወርክ አገናኝቶ ሠልጣኞቹ እርስ በርስ እንዲፋለሙ ማድረግ ነበር ሐሳቡ። ሁሉን የሚያዝ ማዕከላዊ ኮምፒውተር የለውም። እያንዳንዱ ሲሙሌተር የመሬቱን ሙሉ ቅጂ ይዞ ይቀመጣል፣ የራሱን ታንክ ብቻ ያሰላል፣ ከዚያ «እዚህ ነኝ፣ በዚህ ፍጥነት ወዲህ እየሄድኩ ነው» ብሎ ለሁሉም ይናገራል። የሰማው ደግሞ ቀጣዩ መልእክት እስኪመጣ በዚያው ፍጥነትና አቅጣጫ እየገመተ ያስኬደዋል። ዴድ ሬከኒንግ የሚሉት ይህን ነው። ላኪውም ያንኑ ግምት በጎን ያሰላል፤ እውነተኛው ቦታ ከግምቱ ከተወሰነ ርቀት በላይ ሲሸሽ ነው አዲስ መልእክት የሚልከው። በኦንላይን ጌሞች ውስጥ ያለውም ዘዴ ዘመዱ ነው። ሲምኔት አድጎ በ1993 ዲ አይ ኤስ ሆነ፣ ማለትም አይ ትሪፕል ኢ የሚባለው የኢንጂነሮች ማኅበር ያወጣው 1278 ስታንዳርድ።

ከዲ አይ ኤስ በጣም የምወዳት አንድ ነገር አለች። ተኳሹ «ተኩሻለሁ፣ እዚህ ጋ ፈንድቷል» ብሎ ይናገራል እንጂ «ገድዬሃለሁ» አይልም። ጉዳቱን የሚያሰላው የተመታው ነው፤ የብረቱን ውፍረት፣ የት በኩል እንደዞረ፣ ቀድሞ ምን እንደደረሰበት የሚያውቀው እሱ ስለሆነ። እናንተም ይህን ጥያቄ ለየነገሩ ጠይቁ። ሄሊኮፕተሩ መኪናውን አየው ወይስ አላየውም? ጉሙን የሚያውቀው የአየር ጠባዩ ፕሮግራም ነው፣ ዓይኑ ግን የሄሊኮፕተሩ ነው። ስለዚህ የአየር ጠባዩ ጉሙ የቱ ጋ ምን ያህል እንደወፈረ ይናገር፣ ሄሊኮፕተሩ ሰምቶ ራሱ ያስላ። መኪናው «ጉም ውስጥ ነኝ፣ እንዳታየኝ» ማለት ከጀመረ አርክቴክቸሩ ተበላሽቷል።

እዚሁ ላይ ወታደሮቹን እስከ ዛሬ የሚያደክም አንድ ችግር አለ፣ ሚዛናዊ ፍልሚያ ይሉታል። አንዱ ሠልጣኝ ከዛፍ ጀርባ ተደብቋል። በሌላው ሲሙሌተር ካርታ ላይ ግን ዛፉ የለም፤ ሜዳ ላይ ቆሞ ያገኘዋል። ሁለቱም ፕሮግራም በራሱ ትክክል ነው፣ መልእክቱም በሰዓቱ ደርሷል። ሥልጠናው ግን ውሸት ሆነ። የእናንተ መኪና ገደል መግባትም የዚሁ ችግር ታናሽ ወንድም ነው።

ኤች ኤል ኤ ከየት መጣ? ዲ አይ ኤስ የሚያገለግለው ሰው መሪ ይዞ ለተቀመጠበት፣ በእውነተኛ ሰዓት ለሚሄድ ሲሙሌተር ነው። ሻለቃና ክፍለ ጦርን በጅምላ የሚያንቀሳቅሱ የጦር ጨዋታዎች ግን የሦስት ቀን ውጊያን በአንድ ከሰዓት መጨረስ ይፈልጋሉ፤ ለነሱ ኤ ኤል ኤስ ፒ የሚባል ሌላ ፕሮቶኮል ነበራቸው። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ሁለቱን ዓለም ለማገናኘት ሲል በ1996 ኤች ኤል ኤን አጸደቀ። በ2000 አይ ትሪፕል ኢ 1516 ሆኖ ወጣ፣ በ2010 ታደሰ፣ በ2025 ደግሞ አራተኛው ትውልድ መጣ። ኔቶም ተቀብሎታል።

አወቃቀሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ፕሮግራም ፌዴሬት ይባላል፣ ስብስቡ ፌዴሬሽን። ፌዴሬቶቹ በቀጥታ አይነጋገሩም፤ መሃል ላይ አር ቲ አይ የሚባል ሶፍትዌር አለ፣ ሁሉም ከሱ ጋር ነው የሚነጋገረው። «ይህን አወጣለሁ» ትሉታላችሁ፣ «ይህን እፈልጋለሁ» ትሉታላችሁ፣ እሱ ያዳርሳል። ጥቅሙን አስሉት። እንደ አሁኑ ጥንድ ጥንድ ሆናችሁ ብትገናኙ ለሦስት ፕሮግራም ሦስት ድልድይ ይበቃል፣ ለአራት ስድስት፣ ለአሥር ግን 45። የሚቀጥለው ዓመት ተመራቂዎች አምቡላንስ ልጨምር ሲሉ ማን ኮዱን እንደሚፈታላቸው አስቡ።

ፌዴሬቶቹ ምን ምን እንደሚለዋወጡ የሚጻፍበት ፋይል ፎም ይባላል። በቃ፣ የፕሮጀክታችሁ ልብ ይኼ ነው። «መኪና» የሚባለው ነገር ምን ምን ባሕርይ አለው፣ በምን መለኪያ፣ በስንት ቢት። አንድ ባሕርይ በአንድ ጊዜ አንድ ባለቤት ብቻ ነው የሚኖረው፤ ባለቤትነቱን ማስተላለፍ ይቻላል፣ ለሁለት መያዝ ግን አይቻልም። ከባዶ አትጀምሩ። አር ፒ አር ፎም የሚባል፣ የዲ አይ ኤስን ነገሮች ወደ ኤች ኤል ኤ ያመጣ ዝግጁ ፎም አለ፤ ከሱ የሚያስፈልጋችሁን ውሰዱ። ደግሞ ፎሙ ሁሉን አይዝም። የየባሕርዩ ባለቤት ማን እንደሆነ፣ የትኛውን የመሬት ዳታ እንደምትጠቀሙ፣ ጉሙ ከስንት ሜትር በታች ሲያሳይ «ወፍራም» እንደሚባል፣ እነዚህን በተራ ወረቀት በአማርኛም ቢሆን ጻፏቸው። የሲሙሌሽን ሰዎች የሚከተሉት የሥራ ሂደት፣ አይ ትሪፕል ኢ 1730፣ ሰባት ደረጃ አለው፤ ወደ ግንባታ የሚገባው አራተኛው ላይ ነው። እናንተ ከአራት ጀምራችሁ ነው አሁን ወደ አንድ የምትመለሱት።

የጉሙ መዘግየት ደግሞ የጊዜ ጉዳይ ነው። መኪኖቹ በሰከንድ አሥር ጊዜ ያሰላሉ፣ አየር ጠባዩ በደቂቃ አንዴ። ማንም ማንንም ሳይጠብቅ ሲሮጥ ሄሊኮፕተሩ የእሱ 10፡05 ላይ ሆኖ የጉሙን 10፡03 ይቀበላል። ኤች ኤል ኤ ለዚህ የጊዜ አስተዳደር አለው። ፌዴሬቱ «ወደ 660ኛው ሰከንድ ልለፍ?» ብሎ ይጠይቃል፤ አር ቲ አይው ከዚያ በፊት የሚመጣ መልእክት አለመኖሩን ሲያረጋግጥ ብቻ ይፈቅድለታል። አብሮ የሚጓዝ ሰው በደካማው ነው የሚራመደው፣ እዚህም ያው ነው። ሁሉም እየቆመ እንዳይጠብቅ የሚያደርገው ሉክአሄድ የሚባለው ቃል ኪዳን ነው። አየር ጠባዩ 600ኛው ሰከንድ ላይ ሆኖ «ሉክአሄዴ 60 ነው» ካለ ከ660 በፊት የሚደርስ ምንም ነገር አልልክም ማለቱ ነው። ያኔ መኪኖቹ እስከዚያ ድረስ እሱን ሳይጠብቁ ይሄዳሉ። ሉክአሄድን ዜሮ አድርጋችሁ «ኤች ኤል ኤ ቀርፋፋ ነው» የሚል ሪፖርት እንዳትጽፉ፣ አደራ።

ግን አንድ ነገር ወስኑ። መሪ የሚይዝ እውነተኛ ሠልጣኝ አለ ወይስ የለም? ካለ የጊዜ አስተዳደሩን ተዉት። ሰው ፍሬን ረግጦ ፈቃድ እስኪመጣ አይጠብቅም። በእውነተኛ ሰዓት፣ በዲ አይ ኤስ መንፈስ ሂዱ፣ ትንሽ መዛነፍን ታገሡ፤ አየር ጠባዩም አስቀድሞ እየተነበየ ይላክ። ሠልጣኝ ከሌለና መቶ ጊዜ አስኪዳችሁ ውጤት የምታወዳድሩ ከሆነ ግን የጊዜ አስተዳደር ግድ ነው፤ ያለሱ ሁለቴ ስታስኬዱት ሁለት የተለያየ ውጤት ይሰጣችኋል።

የኔ ፍርድ፦ እስከ ምረቃ የቀራችሁ ጊዜ አጭር ከሆነ አማካሪያችሁን ስሙ፤ ሶኬቱን ይዛችሁ ፎሙን፣ ባለቤትነቱንና ዳተሙን አስተካክሉ። ጊዜ ካላችሁ ፖርቲኮ የሚባል ክፍት ኮድ አር ቲ አይ በነፃ ይገኛል፤ ለጃቫውና ለሲ ፕላስ ፕላሱ ይሆናል። የፓይተኑ ልጅ መሃል ላይ ትንሽ ድልድይ መጻፍ ይኖርበታል። አራተኛው ትውልድ በማንኛውም ቋንቋ በኔትወርክ የሚገናኙበት ፕሮቶኮል ጨምሯል፣ የምታገኙት አር ቲ አይ የሚደግፈው ከሆነ ግልግል ነው። ደግሞ ሁላችሁም አንድ ዓይነት አር ቲ አይ ተጠቀሙ። ስታንዳርዱ የወሰነው ፌዴሬቱ አር ቲ አይውን የሚጠራበትን መንገድ ነው እንጂ አር ቲ አይዎች እርስ በርስ በሽቦ ላይ የሚነጋገሩበትን አይደለም፤ የሁለት ድርጅት አር ቲ አይ ስለዚህ ዝም ብሎ አይግባባም። ብዙ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ሸዋ ሮቢት ነኝ። ፕሮግራመር ነኝ። ይህ ሁሉ ኤች ኤል ኤ ምንድን ነው? መልእክት በሚያሠራጨው ሶፍትዌር፣ በካፍካ አያልቅም?

መልስ፦ መልእክቱን ማድረስ ያልቃል። ካፍካ ግን የማን ሰዓት የት እንደደረሰ፣ ማን ወደፊት መሄድ እንደሚችል፣ የመኪናው ቦታ የማን እንደሆነ አያውቅም። እነዚያን ራስህ ከላዩ ላይ ትጽፋቸዋለህ፤ ስትጨርስ ያልተሟላና ሰነድ የሌለው አር ቲ አይ ጽፈህ ታገኘዋለህ። ውጤቱን መቅዳትና በኋላ መተንተን ከሆነ ጉዳይህ ግን ካፍካ ጥሩ ነው፣ ከጎን አስቀምጠው።

ጥያቄ፦ የደብረ ሲና ነዋሪ ነኝ። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የምታጠናው «የወታደር ሲሙሌሽን» ነው አለችኝ። እኛ አካባቢ ጦርነት በሲሙሌሽን ሳይሆን በጆሯችን ነው የሰማነው። ልጄ ይህን ተምራ ምን ልትሆን ነው? እንጀራስ ይወጣዋል?

መልስ፦ ጋሼ፣ ጥያቄዎ ይገባኛል፣ አልሸፋፍንልዎትም። ይህ ሙያ የተወለደው በጦር ሠራዊት ገንዘብ ነው፤ ዛሬም ትልቁ ደንበኛ እሱ ነው። ልጅዎ የምትማረው ግን መሣሪያ መሥራት አይደለም። የተለያዩ ሰዎች የሠሯቸው ፕሮግራሞች ስለ አንድ ቦታና ስለ አንድ ጊዜ እንዲስማሙ ማድረግ ነው። ያው ስታንዳርድ ጠፈር ላይም ገብቷል፤ ናሳ ያለበት፣ የተለያዩ አገሮች ተማሪዎች የጨረቃ ሰፈርን በየፊናቸው ሠርተው በኤች ኤል ኤ የሚያገናኙበት መድረክ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ሲካሄድ ቆይቷል። የአየር ትራፊክም፣ የአደጋ ጊዜ ልምምድም ይህንኑ ዕውቀት ይጠቀማሉ። ስለ እንጀራው፦ በዚህ ስም የወጣ የሥራ ማስታወቂያ እዚህ አገር ብዙ አያዩም። የባንክን ሲስተም ከቴሌኮም ሲስተም ጋር የሚያግባባ ሰው ግን ሁሌም ይፈለጋል፣ እሷ ደግሞ ከዚያ የከበደውን ነው የምትማረው። ለጦርነት መሥራት ካልፈለገችም መብቷ ነው፣ በዚያ ላይ ከእርስዎ ጋር ብትነጋገሩበት ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ለዕረፍት መሐል ሜዳ ቤተሰብ ጋ ነኝ፣ የቡድኔ ልጆች ደብረ ብርሃን ናቸው። በዲ አይ ኤስ የሚሠራ ፕሮግራማችን ላብ ውስጥ አንድ ስዊች ላይ ሆነን ይሠራል። ከዚህ በኢንተርኔት ልገባ ስል ግን የነሱን መኪና አላይም፣ እነሱም የኔን አያዩም። በቪፒኤን ሞከርን፣ አንዳንዴ ይታያል፣ ከዚያ መኪናው ይጠፋል፣ ተመልሶ ይመጣል። መንዝ ስለሆነ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ መንዝን አትውቀሺው። ዲ አይ ኤስ አብዛኛውን ጊዜ የሚላከው በዩ ዲ ፒ ብሮድካስት ነው፤ መድረሱን ሳያረጋግጥ በአንድ ኔትወርክ ላሉት ሁሉ ይበትነዋል። ብሮድካስት ከራውተር አይወጣም፤ አንድ ላብ ውስጥ የሚሠራውም ለዚያ ነው። መልቲካስት (ለተመዘገበ ቡድን ብቻ መላክ) በስም ይሻላል፣ ግን መሃል ያሉት ራውተሮች ሁሉ ካልፈቀዱ ኢንተርኔት ላይ አይሆንም። ስለዚህ በሁለቱም በኩል ትንሽ ድልድይ ፕሮግራም አስቀምጡ፤ የላቡን ብሮድካስት ሰምቶ ለአንድ አድራሻ በቀጥታ የሚልክ፣ እዚያ የደረሰው ደግሞ መልሶ በአካባቢው ኔትወርክ (ላን) ላይ የሚበትን። አሁን አንዳንዴ የሚታይሽ ቪፒኤኑ ብሮድካስቱን ስላሳለፈልሽ ነው፣ ያን የማያደርግ ቪፒኤንም አለ።

የመጥፋቱና የመመለሱ ነገር ሌላ ነው። በዲ አይ ኤስ የቆመ መኪና እንኳ በየ5 ሰከንዱ «አለሁ» ይላል። ለ12 ሰከንድ ድምፁ ካልተሰማ ተቀባዩ ከዓለሙ ይሰርዘዋል። እነዚህ በስታንዳርዱ የተሰጡ መነሻ ቁጥሮች ናቸው፣ መቀየር ይቻላል። ዩ ዲ ፒ የጠፋ ፓኬት መልሶ አይልክም፤ መስመሩ ሁለት ተከታታይ መልእክት ከጣለ መኪናሽ ሞተ ማለት ነው። መብራት ሄዶ ራውተርሽ ሲነሳም ያው። የመሰረዣውን 12 ሰከንድ ለሁላችሁም ወደ 30 አሳድጉት፣ ግን ሁላችሁም። አንቺ ብቻ ከቀየርሽ አንቺ ጋ ያለው መኪና እነሱ ጋ የለም።

መስመሩ ይችለው እንደሆነም አስይው። የአንድ መኪና የሁኔታ መልእክት፣ ተጨማሪ ክፍል ከሌለው፣ 144 ባይት ነው፤ የዩ ዲ ፒና የአይ ፒ ራስጌ 28 ሲጨመር 172። 200 መኪና ቆመው በየ5 ሰከንዱ ቢናገሩ በሰከንድ 55 ኪሎቢት ገደማ ነው፣ ምንም አይደለም። ሁሉም በሰከንድ አሥር ጊዜ ከተናገሩ ግን ከ2.7 ሜጋቢት በላይ ይሆናል፣ ያውም በአንድ አቅጣጫ። ያን ጊዜ የዴድ ሬከኒንጉን የስህተት ገደብ ላላ አድርጉት። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ትራፊኩ በጣም ይወርዳል፣ ጠመዝማዛው ላይ ግን ምንም ብታደርጉ ይጨምራል፣ መኪናው አቅጣጫ በቀየረ ቁጥር ግምቱ ይሳሳታልና።

የሁላችሁም ኮምፒውተር ሰዓት በኤን ቲ ፒ፣ ማለትም በኔትወርክ የሰዓት ማስተካከያ፣ ይስተካከል። በነገራችን ላይ በዲ አይ ኤስ መልእክት ላይ ያለው የጊዜ ማኅተም የሚይዘው ከሰዓቱ መጀመሪያ ወዲህ ያለፈውን ደቂቃና ሰከንድ ብቻ ነው። አንቺ ጠዋት 2 ሰዓት ብትዪ፣ ኮምፒውተርሽ 8 ቢል ግድ የለውም። መጨረሻ ላይ ያለችው አንዷ ቢት ግን ግድ አላት፤ «ሰዓቴ ከሌሎቹ ጋር ተስተካክሏል» ወይስ «የራሴ ሰዓት ነው» የምትለው እሷ ናት። ያላስተካከላችሁትን ሰዓት ተስተካክሏል ብላችሁ ከላካችሁ የተቀባዩ ግምት ያልደረሰበት ቦታ ያስቀምጠዋልና መጀመሪያ እሷን አረጋግጪ።